የወፍ በሽታ ስለሚባለው ሕመምና ስለ ጉበት አጠባበቅ

ለመንደር ትምህርት ቤት መምህራንና ለአገር ሽማግሎች የተነገረ ቃል



ዛሬ በፊታችሁ ቆሜ የምናገረው ስለ ጉበት ነው። ጉበት በሰውነታችን ውስጥ ካሉት ብልቶች መካከል እጅግ ብዙ ሥራ የሚሠራ፣ ነገር ግን በታመመ ጊዜ ድምፁን የማያሰማ ብልት ነው። ጥርሱን የታመመ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ሲያቃስት ያድራል፤ እግሩን እሾህ የወጋው ሰው ወዲያው ያነክሳል። ጉበቱ የታመመ ሰው ግን አሥርና ሃያ ዓመት ሙሉ እያረሰ፣ እየነገደ፣ ልጅ እያሳደገ ሊኖር ይችላል፤ በሽታውም በውስጡ ሥራውን እየሠራ መሆኑን አያውቅም። ስለዚህ ስለ ጉበት መማር የሚገባን ሕመሙ ከመሰማቱ አስቀድሞ ነው።

ነገሩን ከራሴ ቤት እጀምራለሁ። በልጅነቴ ታላቅ ወንድሜ ታመመ። ዓይኑ እንደ እርድ ቢጫ ሆነ፤ ሽንቱ ጠቆረ፤ ምግብም አስጠላው። ቤተ ሰቡ ሁሉ ተሰብስቦ «ይህስ ወፍ ነው» አለ። የሌሊት ወፍ በላዩ ስታልፍ ጥላዋ አርፎበት ነው ተባለ። መድኃኒት አዋቂ ተጠርቶ ቅጠል ጨምቆ አጠጣው። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ዓይኑ ነጣ፤ ምግብም በላ፤ ወደ እርሻውም ተመለሰ። እኛም መድኃኒቱን አመሰገንን፤ ነገሩንም ረሳነው። ከብዙ ዓመት በኋላ ግን ገና ጎልማሳ ሳለ ሆዱ ተነፋ፤ እግሩ አበጠ፤ ደምም አስታወከው። ከሐኪም ዘንድ በደረሰ ጊዜ ደሙ ቢመረመር የጉበት በሽታ ቫይረስ ተገኘበት። ሐኪሙም ይህ ቫይረስ ምናልባት ከሕፃንነቱ ጀምሮ አብሮት እንደ ኖረ ነገረን። ጉበቱ ፈጽሞ ጠንክሮ ነበርና ሊተርፍልን አልቻለም። እኛ «ወጣለት» ያልነው በሽታ ከዓይኑ ላይ ጠፋ እንጂ ከደሙ አልወጣም ነበር።

ይህን የምነግራችሁ የቀደሙትን ሰዎች ለመንቀፍ አይደለም። እነርሱ የሚያውቁትን አደረጉ። ዛሬ ግን ከዚያ የበለጠ ታውቋልና፥ እያወቅን ብንተወው ጥፋቱ የኛ ይሆናል። በዚህ ንግግር የምጠራው ዓመት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

1ኛ፤ ጉበት ምን እንደ ሆነና ምን እንደሚሠራ

ጉበት በቀኝ በኩል ከጎድን አጥንት በታች ተሸሽጎ የሚገኝ ብልት ነው። በአዋቂ ሰው ዘንድ ክብደቱ ወደ 1 ኪሎ ተኩል ይጠጋል። ከሆድ ዕቃና ከአንጀት የሚመለሰው ደም ወደ ልብ ከመሄዱ በፊት አስቀድሞ በጉበት ውስጥ ያልፋል። በቀድሞ ዘመን ሲራራ ነጋዴ በኬላ ሳይፈተሽ ወደ ከተማ እንደማይገባ፣ እንደዚሁ የበላነውና የጠጣነው ሁሉ በጉበት ኬላ ይፈተሻል። የሚጠቅመውን ያስቀራል፤ ለረኃብ ጊዜ የሚሆነውን ስኳር ያከማቻል፤ መርዝ የሆነውን ይሰብረዋል፤ ቅባት የሚፈጭበትን ሐሞት ያወጣል፤ በተቈረጥን ጊዜ ደማችን እንዲረጋ የሚያደርገውንም ነገር ይሠራል።

የዓይን ቢጫ መሆን ምክንያቱ ይህ ነው። የደማችን ቀይ ሕዋሳት ዕድሜያቸው 4 ወር ያህል ነው፤ ካረጁም በኋላ ሲፈርሱ ቢጫ ዝቃጭ ይወጣቸዋል። ጉበት ይህን ዝቃጭ ከደም ለቅሞ ከሐሞት ጋር ወደ አንጀት ይጥለዋል። ጉበት ሲታመም ወይም የሐሞት መውረጃ ሲዘጋ ግን ዝቃጩ በደም ውስጥ ይቀራል፤ ያን ጊዜ የዓይን ነጭና ቆዳ ቢጫ ይሆናሉ፤ ሽንትም ይጠቁራል። ስለዚህ ቢጫነት ራሱ በሽታው አይደለም፤ የበሽታው መልእክተኛ ነው እንጂ።

ጉበት ሌላም የሚያስደንቅ ጠባይ አለው። ከፊሉ ተቈርጦ ቢወጣ የቀረው አድጎ ይተካዋል። ዳሩ ግን ያለ ዕረፍት ዓመት ከዓመት ቢጎዳ እንደ ቃጠሎ ጠባሳ እየጠነከረ ይሄዳል። ደምም በጠነከረው ጉበት ውስጥ ማለፍ ሲያቅተው ወደ ኋላ ይመለሳል፤ በሆድ ውስጥ ውኃ ይቋጠራል፤ በጉሮሮ መውረጃ ያሉት ሥሮች ያብጡና ይፈነዳሉ፤ በመጨረሻም ነቀርሳ ሊበቅልበት ይችላል።

2ኛ፤ ወፏ ጥፋት እንደሌለባት

የሌሊት ወፍ ማታ ማታ ለምግቧ የምትበር እንስሳ ናት፤ ጥላዋም እንደ ማንኛውም ጥላ ሰውን አይጎዳም። ታዲያ ቅጠሉን የጠጣው ብዙ ሰው ስለ ምን ዳነ ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል። ጥያቄው ትክክል ነው፤ መልሱም የዚህ ንግግር ዋና ነገር ነው።

ዓይን ከሚያስቢጩት የጉበት በሽታዎች ብዙዎቹ መድኃኒት ሳይነካቸው በጥቂት ሳምንት ውስጥ ራሳቸው ይሄዳሉ። ሰውነት ራሱ ተዋግቶ ያሸንፋቸዋል። ዶሮ ጮኾ ይነጋል፤ ነገር ግን ንጋትን ያመጣው ዶሮ አይደለም። እንደዚሁም ቅጠሉ ሊድን ለነበረው ሰው ምስጋናውን ወሰደ እንጂ አላዳነውም። በአንዳንዱ ሰው ላይ ግን ቢጫነቱ ሲጠፋ ቫይረሱ በደሙ ውስጥ ይቀራል። ይህ ሰው ከዳነው ሰው ጋር ሲተያይ በመልክም በጉልበትም ልዩነት የለውም። ሁለቱን የሚለያቸው የደም ምርመራ ብቻ ነው።

ከዚህም በላይ መጠኑ ያልታወቀ ሥርና ቅጠል የታመመውን ጉበት ራሱ ሊመርዘው ይችላል፤ መርዝ የሚሰብረው ብልት በታመመበት ጊዜ መርዝ መጨመር በወደቀ በሬ ላይ ጭነት እንደ መጫን ነው።

3ኛ፤ ጉበትን የሚያሳምሙ ነገሮች

በመጀመሪያ በውኃና በምግብ የሚተላለፉት አሉ። እነዚህ ሄፓታይትስ ኤ እና ኢ ይባላሉ። ከበሽተኛ ሰው ዓይነ ምድር ወደ ውኃ ወይም ወደ ምግብ የገባ ቫይረስ በአፍ ሲገባ ይይዛሉ። ብዙውን ጊዜ ራሳቸው ይድናሉ፤ ነገር ግን ኢ የተባለው ለእርጉዝ ሴት፣ ይልቁንም በመጨረሻዎቹ 3 ወሮች ላለች፣ እጅግ አደገኛ ነው።

ሁለተኛ በደም የሚተላለፉት ናቸው። እነዚህም ሄፓታይትስ ቢ እና ሲ ይባላሉ፤ ለረጅም ዘመን ተደብቀው ጉበትን የሚያጠነክሩት እነርሱ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 በዓለም ላይ 254 ሚሊዮን ሰዎች ከቢ ጋር፣ 50 ሚሊዮን ሰዎች ከሲ ጋር እንደሚኖሩ፣ በዚያም ዓመት በሁለቱ ምክንያት 1.3 ሚሊዮን ሰዎች እንደ ሞቱ ገምቷል። ቢ ከእናት ወደ ልጅ በወሊድ ጊዜ፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት፣ ደም በነካው ምላጭ፣ መርፌና መውጊያ ይተላለፋል። በአገራችን ልማድ ስንቱ ነገር በምላጭ እንደሚደረግ ታውቃላችሁ፦ ግርዛት፣ እንጥል መቍረጥ፣ ዋግምት፣ ንቅሳት፣ ጠጉር መላጨት። አንዱ ምላጭ ለብዙ ሰው ባገለገለ ቍጥር ቫይረሱ ከሰው ወደ ሰው መንገድ ያገኛል።

ልብ በሉ፤ ዕድሜ እዚህ ላይ ትልቅ ነገር ነው። አዋቂ ሰው በቢ ቢያዝ ከ100 ሰው 95ቱ ወይም ከዚያ በላይ ራሳቸው ያሸንፉታል። በተወለደ በ1 ዓመት ውስጥ የተያዘ ሕፃን ግን ከ100ው እስከ 90ው ድረስ ዕድሜውን ሙሉ ተሸክሞት ይኖራል። ስለዚህ በሽታው በጎልማሳነት ቢታይም ዘሩ ብዙ ጊዜ የተዘራው በሕፃንነት ነው።

ሦስተኛ በወንዝና በሐይቅ ውኃ የሚይዘው ቢልሃርዚያ ነው። ስሙን ያገኘው የዚህን ወገን ትል በ1851 በካይሮ ከተማ ካገኘው ጀርመናዊ ሐኪም ከቴዎዶር ቢልሃርዝ ነው። የትሉ ዕንቍላል ከሰው ዓይነ ምድር ጋር ወደ ውኃ ይገባል፤ ከዚያም በቀንድ አውጣ ውስጥ አድጎ ይወጣል፤ ሲዋኙና ልብስ ሲያጥቡ የቆዩትን ሰዎች ቆዳ በስቶ ይገባል። በአንጀት ዙሪያ ባሉ የደም ሥሮች የሚኖረው ትል የሚጥለው ዕንቍላል በደም ተወስዶ በጉበት ውስጥ ይቀረቀርና ያጠነክረዋል። እዚህ ላይ የአንድ ኢትዮጵያዊ ሊቅ ሥራ ለመምህራን ምሳሌ ይሆናል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በአድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። «እንዲህ ነው ይላሉ» ብሎ አልተወውም፤ እንዶዱን ወስዶ በመጠንና በሚዛን መረመረው፤ እንዶድ ቀንድ አውጣን እንደሚገድልም ለዓለም አስታወቀ። የአገራችን ቅጠል ሁሉ ከንቱ ነው የምንል እንዳይመስላችሁ። ቅጠል ቢሆን የፋብሪካ መድኃኒት ቢሆን ሳይመረመር አይታመንም ነው የምንለው።

አራተኛ በእህል ውስጥ የሚገባ መርዝ ነው። በሰሜን ምዕራብ ትግራይ በታሕታይ ቆራሮ ወረዳ ከ2001 ጀምሮ ሆድ የሚነፋ፣ ብዙ ሰውም የገደለ የጉበት በሽታ ታየ፤ ምክንያቱም ለጊዜው ሳይታወቅ ቆየ። ተመራማሪዎች ውኃውንና እህሉን ሲመረምሩ ቆይተው አጀራተም የተባለ መርዘኛ አረም ከእህል ጋር መደባለቁን አገኙ። እንደዚሁም በርጥበት የሻገተ ኦቾሎኒ፣ በቆሎና ማሽላ አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ያፈራል፤ ይህም በተለይ ቢ ባለበት ሰው ላይ የጉበት ነቀርሳ ያመጣል። መርዙ እሳት በቀላሉ የሚያጠፋው አይደለምና ቢቆሉትም ቢያበስሉትም አይታመንም።

አምስተኛ መጠጥ ነው። አረቄ በየቀኑ መጠጣት ጉበትን ቀስ በቀስ ወደ ጠባሳ ይለውጠዋል፤ ጠጅና ጠላም ከበዙ እንደዚሁ ናቸው። ስለ ጫትም በሐረር በተደረገና በ2018 በታተመ ጥናት አዘውትረው በሚቅሙት ዘንድ ሥር የሰደደ የጉበት በሽታ ከማይቅሙት ይልቅ በዝቶ ተገኝቷል። ከመጠን ያለፈ ውፍረትና የስኳር በሽታም በጉበት ላይ ስብ ያከማቻሉ። የራስ ምታት ማስታገሻ የሆነው ፓራሲታሞል እንኳ ከታዘዘው መጠን አልፎ ቢወሰድ ጉበትን እስከ ሞት ድረስ ይጎዳል።

4ኛ፤ በሽታው በታየ ጊዜ ምን እንደሚደረግ

ዓይኑ ቢጫ የሆነ፣ ሽንቱ የጠቆረ፣ ሆዱ የተነፋ፣ ወይም ደም ያስታወከ ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። አእምሮው የተዘበራረቀ፣ ደም የሚያስታውክ ወይም እንደ ቅጥራን ጥቁር የሆነ ዓይነ ምድር የሚወጣው ሰው ቢኖር አንድ ሌሊት እንኳ አይደር። ቢጫነቱ የጠፋለትም ሰው «ድኛለሁ» ብሎ አይቅር፤ ከ6 ወር በኋላ ደሙን ደግሞ ያስመርምር። ከ6 ወር አልፎ በደም ውስጥ የቀረ ቢ ሥር ሰደደ ይባላልና።

ብዙ ወጣቶች ወደ ዓረብ አገር ለሥራ ለመሄድ ሲመረመሩ ስለዚህ በሽታ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ይሰማሉ፤ ሊሄዱም አይፈቀድላቸውም። ተስፋ ቈርጠው ወደ ቤታቸው ተመልሰው ነገሩን ይደብቃሉ። ይህ መሆን የለበትም። ቢ የተገኘበት ሰው ሁሉ መድኃኒት አያሻውም፤ የሚያሻው ግን በየቀኑ የሚዋጥ ኪኒን አለለት፤ ይህም ቫይረሱን ፈጽሞ ባያወጣውም ያስረዋል፤ ጉበቱንም ይጠብቃል። ሄፓታይትስ ሲ ግን ከ100 በሽተኞች በ95ቱ ላይ በ2 ወይም በ3 ወር መድኃኒት ፈጽሞ ይድናል።

ደግሞም በሽተኛውን ማራቅ ስሕተት ነው። ቢ በአንድ መሶብ አብሮ በመብላት፣ በአንድ ሲኒ ቡና በመጠጣት፣ በመጨባበጥ ወይም በመተቃቀፍ አይተላለፍም። የሚለየው ምላጩ፣ መርፌውና የጥርስ መፋቂያው ብቻ ነው። የትዳር ጓደኛውና ልጆቹ ግን ይመርመሩ፤ ያልተያዙትም ይከተቡ።

5ኛ፤ ጉበትን መጠበቂያው መንገድ

ከሁሉ የሚበልጠው ክትባት ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ባሩክ ብሉምበርግ በ1965 ወደ ቢ ቫይረስ የሚያደርሰውን ምልክት በደም ውስጥ ማግኘቱን ለዓለም አስታወቀ፤ በ1976ም የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ከዚያም ክትባቱ ተሠራ። ታይዋን የተባለችው ደሴት በ1984 ሕፃናቷን መከተብ ስትጀምር ከ100 ሕፃናት 10 ያህሉ ቢ ነበረባቸው፤ የተከተበው ትውልድ ሲያድግ ከ100 አንድ እንኳ የማይሞላ ሆነ፤ የሕፃናት የጉበት ነቀርሳም ቀነሰ። በአገራችንም የቢ ክትባት ከ2007 ጀምሮ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት በሚሰጠው ክትባት ውስጥ ገብቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ሕፃኑ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ የመጀመሪያውን እንዲያገኝ ይመክራል። ስለዚህ እርጉዝ ሴት በክትትል ጊዜ ደሟን ታስመርምር፤ በጤና ጣቢያም ትውለድ፤ ይህንም ክትባት ትጠይቅ።

የቀረውም በእጃችን ያለ ነገር ነው። ለአንድ ሰው አንድ ምላጭ ይሁን፤ ካገለገለም በኋላ ይጣል። መርፌ ከሽፋኑ በፊታችሁ ሲወጣ ካላያችሁ አትወጉ። መጸዳጃ ቤት ይቈፈር፤ ከመጸዳጃ ሲመለሱና ምግብ ከመንካት በፊት እጅ በሳሙና ይታጠብ፤ የሚጠጣ ውኃ ይፈላ። እህል በሚገባ ደርቆ ከመሬት ከፍ ባለ ጎተራ ይቀመጥ፤ ከመፈጨቱ በፊት በሰፌድ ይበጠር፤ የአረም ፍሬም ይለቀም፤ የሻገተው ለሰውም ለከብትም አይሰጥ። ልጆች ቀንድ አውጣ ባለበት ውኃ አይዋኙ፤ በትምህርት ቤት የሚታደለውንም የትል መድኃኒት ይዋጡ።

6ኛ፤ የመምህራንና የሽማግሎች ፋንታ

መምህራን ሆይ፤ ልጁ በትምህርት ቤት የሰማውን ማታ በምድጃ ዙሪያ ይደግመዋል። አንድ ቀን ስለ ጉበት አስተምሩ፤ የጉበትንም ሥዕል በሰሌዳው ላይ ሥላችሁ አሳዩ። ዓይኑ ቢጫ የሆነ ተማሪ ብታዩ በጓደኞቹ ፊት አታሳፍሩት፤ ወላጆቹን ጠርታችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ላኩት እንጂ።

አባቶቼ ሽማግሎች ሆይ፤ የናንተ ፋንታ ከዚህ ይበልጣል። በመንደር ውስጥ አንድ ሰው ዓይኑ ቢጫ ሲሆን አስቀድሞ የሚጠየቀው ሐኪም አይደለም፤ እናንተ ናችሁ። «ወፍ ነው» ብትሉ ቅጠል ይፈለጋል፤ «ደሙን ይመርመር» ብትሉ በቅሎ ይጫናል። አንዲት ቃል ከአፋችሁ ስትወጣ በዚያች ቃል የአንድ ሰው ዕድሜ ሊረዝም ወይም ሊያጥር ይችላል። በግርዛትና በክርስትና ግብዣ ላይ ስትቀመጡም «ምላጩ አዲስ ነውን? ሕፃኑስ ተከትቧልን?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህን ጥያቄ ከሽማግሌ አፍ የሰማ ሰው አይቈጣም።

እኛ ለወንድሜ ይህን የሚጠይቅለት ሰው አላገኘንም ነበር። በዚያ ዘመን በመንደራችን ነገሩን የሚያውቅ አልነበረምና ማንንም አልወቅስም። ዛሬ ግን እናንተ ሰምታችኋል። ከዚህ ስትነሡ እያንዳንዳችሁ ከቤታችሁ ጀምሩ፤ የልጅ ልጃችሁን የክትባት ካርድ አውጥታችሁ ተመልከቱ፤ ያልተሟላ ቢሆን በሚመጣው የክትባት ቀን ይዛችሁት ሂዱ።